ባለ አንድ በሩ ግቢ

አንዳንድ ሰው ሲናደድ ዝም ይላል። እኔ እንደዚያ አይደለሁም። እናቴ «አንቺ ስትናደጂ ጎረቤት ሬዲዮውን ይዘጋል» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ልቤ በርዶልኝ ነው ብዬ ማንንም አላታልልም። በዚያ ግቢ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። የፖሊስና የእሳት አደጋ ጣቢያ ነው። አዲስ ነው፣ ነጭ ነው፣ ለፎቶግራፍ ያምራል። ንድፉን የሳልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

የተወለድኩት እዚሁ ጅቡቲ ነው፤ ካርቲየ ሰባት ቢስ በሚባል ሰፈር። አያቴ ከባቡሩ ጋር መጥቶ የቀረ ሰው ነው፤ አባቴም በባቡር ጣቢያው መካኒክ ሆኖ ጡረታ ወጣ። የሠራልን ቤት እንደ ሰፈሩ ቤት ሁሉ ከጣውላና ከቆርቆሮ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴን ወደ ሲሚንቶ ቤት እንዛወር ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳት። «ባልሽ ሲሠራልሽ ትገቢበታለሽ፤ እኔ ባሌ የሠራልኝ ውስጥ ነኝ» ትለኛለች፣ ባል እንደሌለኝ እያወቀች። ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህማ ነገሩ ጭራሽ ተረሳ። ጠዋት ጠዋት ከቤት ስወጣ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህ ጣውላ አንድ ቀን እሳት ቢይዘው እናቴ ተነስታ መውጣት አትችልም።

እኔ ሥራ ስውል አብራት የምትውለው በጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየችን ሴት ናት። ሁላችንም ወሎየዋ ነው የምንላት። ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በአንድ ቪላ ስታገለግል ኖራ፣ አሠሪዎቿ አገር ሲለቁ ፓስፖርቷን የት እንዳደረጉት እንኳ ሳይነግሯት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት የላትም። እናቴን የምታነሳት፣ የምታጥባት፣ የምታበላት እሷ ነበረች። ከቤት ኪራይ ይልቅ ይህን እንድታደርግ ተስማምተን ነበር፤ ኋላ ግን ስምምነቱም ተረሳና እናትና ልጅ ሆኑ። አንዳንዴ እኔ እንግዳ የሆንኩ እስኪመስለኝ ድረስ።

ወረቀት የሌለው ሰው በዚህ ከተማ የራሱ አረማመድ አለው። ያልኖረበት አይለየውም። አዲስ የመጡ ልጆች፣ በእግራቸው በረሃ አቋርጠው የደረሱት፣ እኛ ግቢ ሲያርፉ ወሎየዋ ከምግብ ቀጥሎ የምታስተምራቸው መራመድ ነበር። «ከሁሉ በፊት አትሩጪ» ትላለች። «የሚሮጥ ሰው ይጠየቃል። አትጩኺ፤ የሚጮህ ሰው ዘንድ ሁሉም ይመጣል። ፖሊስ ስታዪ መንገድ አትቀይሪ። ወደ ገዛ ቤትሽ እንደምትሄጂ ሆነሽ፣ ቀስ ብለሽ፣ ሰላም ካሉሽ ሰላም ብለሽ እለፊ።» ከዚያ የአገሬውን ሴቶች ስስ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሿን ጣል አድርጋ፣ በግቢው ከዳር እስከ ዳር እየተንጎራደደች ታሳያቸዋለች። እናቴ ከአልጋዋ ሆና በተከፈተው በር እያየች በሳቅ ትፈርሳለች።

«ኧረ ዳክዬ መሰልሽ!»

«ዳክዬን ማን ይይዛታል እማማ?»

እኔም እስቅ ነበር። የተደናገጡት ልጆችም ይስቃሉ። ከዚያ አንድ በአንድ እየተነሱ ይለማመዳሉ።

የምሠራው በአንድ የንድፍ ቢሮ ነው። ቢሮው ከሰፈራችን ወደ መሀል ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ በእግር ይደረሳል። ለአዳዲስ የፖሊስና የእሳት አደጋ ጣቢያዎች ፕላን እንድናወጣ ሥራው ሲሰጠን፣ የመጀመሪያው ጣቢያ የት እንደሚሠራ ካርታው ላይ ሳይ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። የእኛ መንገድ ጫፍ ነው! ድሮ አሮጌ መኪኖች የሚጣሉበት፣ ፍየሎች ካርቶን የሚበሉበት ባዶ ቦታ። በዚያ ቀን ወደ ቤት የሄድኩት በደስታ እየሮጥኩ ነው። ወረቀት ያለኝ ሰው ነኝና መሮጥ እችላለሁ።

«ፖምፒዬ ደጃችን ሊመጣልሽ ነው» አልኳት እናቴን። እዚህ የእሳት አደጋ ሠራተኛን በፈረንሳይኛው እንዲያ ነው የምንለው።

«ቆንጆ ቆንጆውን ይላኩ» አለች።

ወሎየዋ ግን አልሳቀችም። «ፖምፒዬ ብቻውን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከፖሊስ ጋር አንድ ግቢ መሆኑን ስነግራት የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «በሩስ?» አለች። አንድ መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅኩም ነበር።

አንድ ነበር። ለሥራው የተቀጠረው አማካሪ ከውጭ ያመጣው ሐሳብ ነው። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለሁሉም ሰው ፈገግ ይላል፣ የሚጠጣውን ውሃ ራሱ ይዞ ይመጣል፣ የሚያበሳጨኝም ይሄው ደግነቱ ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ በር፣ አንድ ዘበኛ፣ አንድ ጄኔሬተር። የእሳት አደጋ መኪናው ሲወጣ የፖሊስ መኪና ቀድሞ እየጮኸ መንገድ ይከፍትለታል። ጥሪውን የሚቀበለውም አንድ ሰው ነው፤ ማንም ሰው ችግሩ ምንም ይሁን ምን በዚያው በር ይገባል። ይህን በስክሪኑ ላይ ሲያሳየን ፊቱ በርቶ ነበር። አለቃዬም «ግሩም ነው!» አለ። እኔ በዚያ ሰዓት ያሰብኩት ሳህኑን ያስቀመጠችውን ሴት ነው።

ከስብሰባው በኋላ ለአለቃዬ ብቻውን ነገርኩት። እሱ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፤ እንደሚገባው እርግጠኛ ነበርኩ። «በኛ ሰፈር ስንቱ ግቢ ውስጥ ወረቀት የሌለው ሰው እንዳለ አንተም ታውቃለህ» አልኩት። «እነዚህ ሰዎች ቤታቸው ቢቃጠል ፖሊስ በር ላይ ሄደው አያንኳኩም። ለእሳት አደጋው በኋላ መንገድ ሌላ በር እንክፈትለት። ትንሽ ይሁን። ብቻ ፖሊስ የማይቆምበት ይሁን።»

«እነሱ እኮ ፕላኑ ውስጥ የሉም» አለኝ። በክፋት አይደለም፤ የሚያስተምረኝ ያህል ረጋ ብሎ ነው። «ጣቢያው የሚሠራው ለነዋሪው ነው። የሌለን ሰው እንዴት አድርጌ ልቁጠር?»

«ጭሳቸውስ? ሲቃጠሉ ጭሳቸው ወደ ነዋሪው ቤት አይገባም?»

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ!» አለና ወደ ስልኩ ዞረ።

ፕላኑ ላይ ሁለተኛውን በር ሳልኩት። አለቃዬ አጠፋው። ደግሜ ሳልኩት። ይህን ጊዜ ጠራኝና በሁሉም ፊት አቅርቢውና ይወሰን አለኝ፤ ከጭቅጭቄ ለመገላገል ነው። ጥሩ፣ አልኩ። ለስብሰባው ተዘጋጀሁ። መንገዱን ፎቶ አነሳሁ፣ የሰፈሩን ቤቶች ከምን እንደተሠሩ አስረዳሁ፣ ንግግሬን እናቴ ፊት ተለማመድኩ። «እጅሽን አታወናጭፊ» ብላ አረመችኝ።

ከፖሊስም ከእሳት አደጋም ከማዘጋጃ ቤትም ሰዎች መጥተው ነበር። ስለ ጣሪያው ቀለም ተወያዩ። ስለ መኪና ማቆሚያው ጥላ ተወያዩ። ባንዲራው በቀኝ ይሁን በግራ በሚለው ላይ ብቻ አንድ ሰው በሕይወቱ የሚያስፈልገውን ትዕግሥት ሁሉ ጨረስኩ። የኔ ተራ ሲደርስ ሰዓቱ ወደ ሰባት ተኩል እየተጠጋ ነበር። ጅቡቲ ውስጥ የኖረ ሰው ያ ሰዓት ምን እንደሆነ ያውቃል። ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ፤ ጫት ገባ። መኪናው እየበረረ ሲመጣ ከተማው በሙሉ መንገድ ይለቅለታል፤ የእናቶች አምቡላንስ እንኳ እንደዚያ ተለቆለት አያውቅም። በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሰዎች እግራቸው ከወንበራቸው በታች ተንቀሳቀሰ። አንዱ ቁልፉን አነሳ። ሌላው በስልኩ «የኔን ያዝልኝ» አለ።

«ሁለተኛው በር…» ብዬ ጀመርኩ።

«ወደፊት በማስፋፊያው ጊዜ ይታያል» አለ አለቃዬ። «ተቃውሞ ያለው አለ?» ማንም አልነበረም። ሰዎቹ ቆመዋል። ፎቶዎቼን እንኳ አላወጣሁም። ያ በር የቀረው የሚከለክል ምክንያት ተገኝቶ አይደለም፤ ጫቱ ስለደረሰ ነው።

ሥራውን ልለቅ ነበር፤ አልለቀቅኩም። ደመወዜን እፈልገዋለሁ፣ እናቴ መድኃኒት ትፈልጋለች። ንድፉን እንዳዘዙኝ ጨረስኩ። ግንቡ ተገነባ፤ ፍየሎቹ ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ። ሲመረቅ እናቴ እንድትሰማ መስኮቱን ከፈትንላት፤ ሙዚቃ ነበር። ወሎየዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳቦ ለመግዛት በሌላ መንገድ ትዞር ነበር። ኋላ ላይ ይሄም ራሱ ያስጠረጥራል ብላ፣ በየቀኑ በጣቢያው በር በኩል ማለፍ ጀመረች፤ ለልጆቹ የምታስተምረውን አረማመድ እየሄደች። በሩ ላይ ከጥላው ሥር የሚቀመጡት የእሳት አደጋ ልጆች ለመዷት። ሰላም ይሏታል። ቤት ስትገባ ላቧ ይወርዳል፤ ከሙቀቱ ብቻ አልነበረም።

ልጆቹን አልወቅስም። ደህና ልጆች ናቸው። ፖሊሶቹንም ቢሆን ያን ቀን ምን አጠፉ ብዬ አልከስም። እኔ የምከሰው በሩን ነው፤ በሩ ደግሞ ሲከሱት አይሰማም።

ሐምሌ ነበር፤ ያ የበረሃ ንፋስ አሸዋ ይዞ የሚመጣበት፣ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ የሚውልበት ወር። የሰባት ሰዓቱ ጸጥታ ሰፈሩን ውጦታል። ወሎየዋ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። የእናቴ ማራገቢያ ቀኑን ሙሉ ሲዞር የዋለ ነው፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ ግድግዳው ላይ ተቃጠለና ጣውላው ተያያዘ። ጭሱን አይታ ስትሮጥ የበሩ መጋረጃ ይነድ ነበር። በእጇ ጎትታ ጣለችው፤ እጆቿ ያኔ ነው የተቃጠሉት። ክፍሉ ውስጥ ጥቁር ጭስ እንጂ ሌላ አይታይም። ገባች፣ ታፍና ወጣች፤ ደግማ ገባች፣ ታፍና ወጣች። ስልኳ ከእናቴ ራስጌ ነበር። የጎረቤትን በር ደበደበች፤ የማራገቢያና የማቀዝቀዣ ድምፅ ነው እንጂ የመለሰላት የለም። መጮህ ፈለገች። ድምፅ አልወጣትም። ስንት ዓመት አትጩኺ እያለች ስታስተምር የኖረችው ራሷንም ነበር።

ስለዚህ ወረቀት ያላት ሰው ዘንድ መጣች፤ እኔ ዘንድ።

ቢሮ ውስጥ የቀረሁት እኔና አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ነን። በሩ ተበርግዶ ስትገባ መጀመሪያ አላወቅኳትም። ፊቷ ጥላሸት ነው፣ እግሯ ባዶ ነው፣ እጆቿን ከደረቷ ፊት ዘርግታ ይዛቸዋለች። «እማማ… ጭስ…» አለችኝ። ስልኩን አንስቼ ጣቢያውን ጠራሁ። ያነሳው ሰው ረጋ ብሎ፣ «ማዳም፣ ሄደዋል። ከጣቢያው ግንብ ማዶ ያለች ሴትዮ ጭሱን አይታ አሁን ነገረችን፤ ደርሰዋል» አለኝ።

ስንደርስ እውነትም ደርሰው ነበር። እሳቱን አጥፍተውታል። እናቴን ግቢው ውስጥ አጋድመው አፏ ላይ የኦክስጅን ጭንብል አድርገውላታል። ከቤቱ የተቃጠለው አንዱ ግድግዳና መጋረጃው ብቻ ነው፤ አልጋው እንኳ አልተነካም። ጭስ ነው የጎዳት። ረጅም ጊዜ ጭስ ውስጥ ቆይታለች። ወደ ኋላ ዞር ስል ወሎየዋ የለችም፤ የፖሊሱ መኪና ደጃፋችን ላይ ቆሟል።

የእሳት አደጋው ኃላፊ ዕድሜው ከኔ የማይበልጥ ሰው ነው፤ ቆቡን አውልቆ መጣ። «እንዴት ማንም ቶሎ ሳይጠራን ቀረ?» አለኝ። «እኛ እኮ በር ላይ ጥላ ሥር ተቀምጠን ነበር። ሁላችንም።» የሚወቅሰኝ አልነበረም፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ እሱም አዝኗል። ወደ እናቴ ዞርኩ። አፌን ብከፍት ምን እንደሚወጣው ስለማላውቅ ነው።

እናቴ ሆስፒታል ውስጥ፣ በማግስቱ ጠዋት ሞተች።

ለቅሶው ላይ ሰፈሩ በሙሉ መጣ፤ ሐበሻው፣ ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የመናዊው ባለሱቅ። ሰው ሁሉ ተቀምጦ አንድ ነገር ይላል፣ ያ አንድ ነገር ደግሞ ጆሮዬን ሊበጥሰው ደረሰ። «ጣቢያው እንዲህ አፍንጫችሁ ሥር ሆኖ!» ይላሉ። «ይሄን ያህል ቅርብ ሆኖ!» ይላሉ። እኔም አንገቴን እነቀንቃለሁ። ውስጤ ግን ይጮሃል።

በሠልስቱ ቀን ወሎየዋ መጣች። ጨርቅ የተጠቀለሉ እጆቿን ሻሿ ሥር ደብቃ በሩ አጠገብ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሐኪም አላያትም፤ ያረፈችበት ቤት ሰዎች ማር ቀብተውላታል። ማንም ሳያስቸግራት እስክትበላ ብጠብቅም አልበላችም። አጠገቧ ሄጄ ልቀመጥ ስነሳ አለቃዬ ገባ።

ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ በትሕትና ገባ። በሶማልኛም በፈረንሳይኛም አጽናናኝ። ከልቡ ነው፤ ይህንን አልክድበትም። ውሃ ተሰጠውና ያዘው። ቀና ብሎ የተቃጠለውን ግድግዳ አየ። ከዚያ እሱም አለው፤ «ይሄን ያህል ቅርብ ሆኖ! እኔ ይሄን ማመን አቃተኝ። ምን ነካቸው? ሰው እንዴት አይጠራም?»

ፈረንሳይኛውን ወሎየዋ ሁሉንም ባትሰማውም ቅርብ የምትለዋን ቃል ሰማች፤ ቪላ ቤት ስትሠራ የለመደችው የወጥ ቤት ፈረንሳይኛ አላት። ሰውየው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «አንድ ነገር ልበለው፤ ንገሪልኝ» አለች።

እሷ በአማርኛ ትናገራለች፣ እኔ ከጎኗ ተንበርክኬ ወደ ፈረንሳይኛ እመልሳለሁ። የገዛ እናቴን አሟሟት ነው የምተረጉመው።

«እሮጥ ነበር» አለች። «ከቤት ጀምሬ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ጣቢያው በር ላይ ግን ልጆቹ ተቀምጠዋል፤ ከአጠገባቸው ፖሊሱ ቆሟል። እዚያ ስደርስ መሮጥ አቆምኩ።»

ተረጎምኩ።

«እጄን ሻሼ ውስጥ ከተትኩ። ቀስ ብዬ አለፍኩ። አንዱ ልጅ እንደ ሁልጊዜው ሰላም አለኝ። እኔም ሰላም አልኩት። ዞር ብዬ ጭሱን እንኳ አላየሁም፤ እነሱም ዞረው እንዳያዩ ብዬ ፈራሁ። ማዕዘኑን እስክዞር ድረስ ወደ ቤቴ እንደምሄድ ሆኜ ነው የሄድኩት። ከዚያ መሮጥ ጀመርኩ።»

ይህንንም ተረጎምኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ከራሴ አልጠበቅኩትም ነበር። የእናቴ ሳቅ ትዝ አለኝ፤ ዳክዬ መሰልሽ ያለችው። ያቺ አረማመድ ናት እናቴን የገደለችው ልል አልችልም። እንድትማራት ያስገደዳት ማን ነው? ደጃችን ላይ የሚያድን ሰው አስቀምጦ፣ ከፊቱ የሚያስፈራ ሰው ያቆመው ማን ነው?

ወሎየዋ አንገቷን ደፋች። «ይቅር በዪኝ» አለችኝ፤ ለሱ ሳይሆን ለኔ። ጭንቅላቷን ይዤ ደረቴ ላይ አደረግኩት። ይቅርታ የሚጠየቀው ማን ነበር? የሚጠይቀውስ?

አለቃዬ የውሃውን ብርጭቆ እንደያዘ ነው። ፊቱ ተለውጦ ነበር፤ ግን ገና አልገባውም። ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ያ ነው። አሁንም፣ ይሄን ሁሉ ሰምቶ፣ በዚያ በረጋ ድምፁ ጠየቀ።

«ግን ለምን? ለምን አልገባችም? ጠይቂልኝ።»

አልጠየቅኳትም። ያን ጥያቄ ወደ አማርኛ ብመልሰው አፌ ይረክስ ነበር። ሰው እየሰማ፣ ጎረቤት ሬዲዮውን በሚዘጋበት ድምፄ፣ እኔው መለስኩለት።

«በሩ አንድ ስለሆነ ነው» አልኩት።